ሲኒማና «እኔ» የሚለው ቃል

ከደጀን ተነሥቶ ወደ ሞጣ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ቢቸናንና ደብረ ወርቅን ካለፈ በኋላ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከጉንደ ወይን ይደርሳል። በዚህ አገር ሰርግ ወይም ለቅሶ ገጥሞት ከሕዝቡ መካከል ጥቂት ቢቀመጥ አንድ ቃል ደጋግሞ ይሰማል፤ ይኸውም «እኔ» የሚለው ቃል ነው። ፉካሪው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ የአባቱንና የአያቱን ስም፣ የፈረሱንም ስም እየጠራ በየት ቦታ እንደ ዋለና ምን እንደ ሠራ ይናገራል። አልቃሿም የሟቹን ስም እያነሣች በእርሷ ላይ የደረሰውን ኀዘን በራሷ አፍ ትገልጻለች። በክርክርም ጊዜ ባለጉዳዩ ቆሞ በገዛ አንደበቱ ይሟገታል። ምስክር የሚጠራው ሌላ ነው፤ ነገሩ የደረሰበት ሰው ራሱ ካልተናገረ ግን ነገሩ ሙሉ አይባልም። አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት ይህንን ዐውቀው ነው።

በንግግራችንና በዜማችን ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የኖረው ይህ ቃል ወደ ሲኒማ የገባው ግን እጅግ ዘግይቶ ነው። የሲኒማ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፣ አንድ ኢትዮጵያዊ በፊልም ላይ «እኔ ያየሁት ይህ ነው፤ በእኔ ላይ የደረሰው ይህ ነው» ብሎ የራሱን ታሪክ በራሱ ድምፅ ሲናገር ለማየት ብዙ ዐሥርት ዓመታት መጠበቅ አስፈልጓል። ለምን ዘገየ? በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር ያሰብነው ይህንን ጥያቄ ነው። መልሱንም ከወዲሁ ባጭሩ ለመናገር፣ የዘገየው ተናጋሪ ጠፍቶ ሳይሆን መሣሪያው በሌላ እጅ ስለ ነበረ ነው። የሲኒማ መሣሪያ ታሪክና «እኔ» ብሎ የመናገር ታሪክ ሁለት መስለው ይታያሉ እንጂ አንድ ታሪክ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ መሣሪያውን እንመልከት። የሲኒማ ልደት ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው፣ ሉሚዬር የተባሉት ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ በግራን ካፌ ምድር ቤት ተንቀሳቃሽ ሥዕልን በክፍያ ለሕዝብ ካሳዩበት ዕለት ጀምሮ ነው። ዕለቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 28 ቀን 1895፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 19 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበረ። እንግዲህ ሲኒማ የዐድዋ ድል እኩያ ነው፤ ድሉን የሚቀድመው በ64 ቀን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በዐድዋ የዋለው ዘማች ውሎውን ለልጆቹ ያስተላለፈው በፉከራና በቀረርቶ ነው እንጂ በፊልም አይደለም።

የማሳያው መሣሪያ አሠራር ቀላል ሆኖ ሳለ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ፊልሙ ያለ ማቋረጥ የሚሮጥ ይመስለናል፤ በእውነቱ ግን እየቆመ የሚሄድ ነው። ድምፅ ያለው ፊልም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 24 ሥዕሎችን ያሳልፋል። እያንዳንዱ ሥዕል በመብራቱ ፊት ለቅጽበት ይቆማል፤ ከዚያም ጥርስ ያለው መሣሪያ ስቦ ተከታዩን ያመጣል። ሥዕሉ በሚሳብበት ጊዜ ብዥታ እንዳይታይ የሚሽከረከር መከለያ ብርሃኑን ይጋርደዋል። ብርሃኑ ብልጭ ድርግም እያለ ዐይንን እንዳያደክም ደግሞ አንዱ ሥዕል ቢያንስ ሁለት ጊዜ እንዲበራ ይደረጋል፤ ስለዚህ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 48 ጊዜ ብርሃን፣ 48 ጊዜም ጨለማ ይፈራረቃል። ተመልካቹ በአዳራሹ ውስጥ ከሚቀመጥበት ሰዓት ግማሽ ያኽሉን ጨለማ ሲያይ ይቆያል ማለት ነው። ጨለማውን የማያውቀው የተለያዩትን ሥዕሎች የገዛ አእምሮው ስለሚያያይዝለት ነው።

ይህ ሁሉ ግን ክብደትና ወጪ አለው። ለትልቅ አዳራሽ የሚሠራው ፊልም ስፋቱ 35 ሚሊ ሜትር ሲሆን በአንድ ደቂቃ ከ27 ሜትር በላይ ይጨርሳል፤ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም ከ3 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ርዝመት አለው። የቀድሞው ፊልም ቶሎ ከሚቀጣጠል ናይትሬት ይሠራ ስለ ነበረ የማሳያው ክፍል እሳት በማይበግረው ግንብ መሠራት ነበረበት። መብራቱም በሁለት የካርቦን ዘንጎች መካከል በኤሌክትሪክ ኀይል የሚነድ ነበረ። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ገዝቶ ለመትከልና ለማንቀሳቀስ የሚችለው መንግሥት ወይም ባለጸጋ ነጋዴ ብቻ ነው። ብዕርና ብራና ድኻው የቆሎ ተማሪም በአኵፋዳው ይዞት ይዞራል፤ ሲኒማን ግን ተሸክሞ የሚዞር ሰው አልነበረም። ስለዚህ ከዚህ መሣሪያ በመጀመሪያ የተሰማው የባለቤቱ ድምፅ ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም።

በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የሲኒማ ቤት በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ይህንን ስም ብዙዎች የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው ይሥቁበታል፤ እኛ ግን ሌላም ነገር እናይበታለን። በጨለማው ቤት ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀሱት ጥላዎች የባዕድ አገር ሰዎች ነበሩ። አለባበሳቸው፣ ቤታቸው፣ ሣቃቸውና ልቅሷቸው ሁሉ የሌላ አገር ነበረ። ያ ሕዝብ በግድግዳው ላይ ራሱን አላየም፤ ራሱን ያላየበትንም ነገር ከሌላ ዓለም የመጣ አድርጎ መቍጠሩ ያስወቅሰዋልን?

ከዚህ የባሰው ግን ገና ወደ ፊት ነበረ። የፋሽስት ኢጣሊያ መንግሥት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 የተቋቋመ፣ ሉቼ የተባለ የፊልም ድርጅት ነበረው። ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረች ጊዜ የዚህ ድርጅት ባለካሜራዎች ከጦሩ ጋር አብረው ዘመቱ። ያነሡትም ፊልም በኢጣሊያ ሲኒማ ቤቶች እየታየ የወረራውን ወሬ ለሕዝቡ ያደርስ ነበር። በእነዚያ ፊልሞች ላይ መንገድ ሲጠረግ፣ ድልድይ ሲሠራ፣ ባንዲራ ሲሰቀል ይታያል፤ በሕዝባችን ላይ የዘነበው የመርዝ ጋዝ ግን አይታይም። ኢትዮጵያዊው በሥዕሉ ውስጥ አለ፤ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ እጅ ይነሣል፤ ነገር ግን ድምፅ የለውም። ስለ እርሱ የሚናገረው ሌላ ነው።

በዚያው ጊዜ በቢቸና አውራጃ አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ የአገሩን ሰው አስተባብረው ጠላትን ይዋጉ ነበር። የእርሳቸውና የጓዶቻቸው ውሎ ወደ እኛ የደረሰው በፊልም ሳይሆን በፉከራ፣ በቀረርቶና በሽማግሌዎች ወግ ነው። እንግዲህ አንዱ ጦርነት በሁለት መዝገብ ተመዘገበ ማለት ነው፤ ወራሪው በካሜራ መዘገበው፣ ተወራሪው በአንደበቱ መዘገበው። የካሜራው ጥቅል እስከ ዛሬ በሮም ከተማ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በመደርደሪያ ተቀምጦ ይኖራል፤ የአንደበቱ መዝገብ ግን ተናጋሪው ባረፈ ቀን ይዘጋል። ይህንን ልዩነት አንባቢያችን በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከነጻነት በኋላ ሲኒማ በአገራችን እየተስፋፋ ሄደ። በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ቴአትር ተመረቀ፤ በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን ጀመረ። በዚያው ዘመን «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተባለው የመጀመሪያው የአማርኛ ረዥም ልብ ወለድ ፊልም ተሠራ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ሚሼል ፓፓታኪስ ያዘጋጁት «ጉማ» ተከተለ። እነዚህ ፊልሞች ኢትዮጵያዊው በሲኒማ መጋረጃ ላይ የገዛ ፊቱንና የገዛ ቋንቋውን እንዲያገኝ ስላደረጉ ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም የተሠሩት በሌላው ዓለም ልብ ወለድ ፊልም ሥርዐት ስለ ነበረ፣ ታሪኩን የሚመለከተው ካሜራ ከሁሉም በላይ የቆመ፣ ስምና አድራሻ የሌለው ተራኪ ነበረ።

በጠቅላይ ግዛቶች ደግሞ ሌላ ዓይነት ሲኒማ ነበረ። የ16 ሚሊ ሜትር ማሳያና ጀኔሬተር የጫነ መኪና ወደ አንዲት ከተማ ሲደርስ በትምህርት ቤት ሜዳ ወይም በገበያ ቦታ ነጭ ሸራ ይዘረጋል፤ ሲመሽም ስለ ጤና አጠባበቅ፣ ስለ እርሻ ሥራ፣ ስለ መንግሥት ሥራ የሚያስረዳ ፊልም ይታያል። ለብዙ የገጠር ሰው የመጀመሪያው ሲኒማ ይህ ነበረ። ጥቅሙን አንክድም፤ ልጆች በሸራው ፊትና ኋላ እየተሯሯጡ፣ ሽማግሎች በምርኩዛቸው ተደግፈው ያዩት ብርሃን ብዙ ዐይን ከፍቷል። ነገር ግን መኪናው ይዞት የሚመጣው ቃል «እናንተ» የሚለው ነበረ፤ እናንተ እጃችሁን ታጠቡ፣ እናንተ ምርጥ ዘር ዝሩ ይል ነበር። መኪናው ለማሳየት ይመጣል እንጂ ለመስማት አይመጣም፤ ከሕዝቡም የተቀበለውን ቃል ይዞ አይመለስም።

ያው የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም በሌላው ዓለም ግን ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። ይህ ዓይነት ፊልም ኮዳክ በተባለው ኩባንያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1923 ለገበያ ሲቀርብ የታሰበው ለቤትና ለትምህርት ቤት ነበረ። እሳት ቶሎ አይዘውም፤ ዋጋውም ከትልቁ ፊልም ያነሰ ነው። ኋላም ቦሌክስ የተባለው ካሜራ በተሠራ ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን ይዞት የሚዞር፣ እንደ ሰዓት በእጅ የሚጠመዘዝ፣ ኤሌክትሪክ የማይሻ መሣሪያ ተገኘ። ጉድለቱ አንድ ጊዜ ሲጠመዘዝ የሚሠራው ከግማሽ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ብቻ መሆኑ፣ አንዱ የ30 ሜትር ጥቅልም በሦስት ደቂቃ ውስጥ ማለቁ ነው። ነገር ግን ይህ ጉድለት ራሱ አዲስ አነጋገር ወለደ፤ አጭር የሆነ፣ የተቆራረጠ፣ እንደ ትዝታ ብቅ ጥልቅ የሚል አነጋገር።

ከኪየቭ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ አሜሪካ የተሰደደችው ማያ ዴረን በ1943 ከባለቤቷ ጋር ሆና በገዛ ቤቷ ውስጥ፣ ራሷን ተዋናይ አድርጋ ሕልም የሚመስል አጭር ፊልም ሠራች። ከሊቱዌኒያ በጦርነት የተሰደደው ዮናስ ሜካስም በ1949 ኒው ዮርክ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሳይቆይ በብድር ገንዘብ ቦሌክስ ገዛ፤ ከዚያም ዕለታዊ ኑሮውን እንደ ውሎ መዝገብ እየቀረጸ ዕድሜውን ፈጀ። የፈረንሳዩ ጸሐፊ አሌክሳንድር አስትሩክ በ1948 ባወጣው ጽሑፍ ካሜራ እንደ ብዕር ይሆናል ሲል ተናግሮ ነበር። ይህን ሐሳብ በሥራ የፈጸሙት ከሁሉ በፊት አገራቸውን የለቀቁ ሰዎች መሆናቸውን ልብ ይሏል። በአገሩ ያለ ሰው ትዝታውን የሚያወራለት ጎረቤት አለው፤ ስደተኛው ግን ለራሱ ካልሆነ ለማን ይናገራል?

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይገባ እንጠንቀቅ። «እኔ» ማለት የተናጋሪውን ዐይን መዋስ ብቻ አይደለም። በ1947 በሆሊውድ ሮበርት ሞንትጎመሪ ያዘጋጀው አንድ የወንጀል ታሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ በዋናው ሰው ዐይን የተነሣ ነበረ፤ ተመልካቹም ሰውዬውን የሚያየው ብዙውን ጊዜ በመስተዋት ፊት ሲቆም ብቻ ነው። ሙከራው የሚያስደንቅ ቢሆንም ተመልካቹ የሰውዬውን ዐይን አገኘ እንጂ ልቡን አላገኘም። በእውነት «እኔ» የሚል ፊልም ተናጋሪው ለሚናገረው ነገር በስሙ የሚጠየቅበት ነው። ይህንን የእኛ ፉካሪ ከማንም በፊት ያውቀዋል፤ የአባቱን ስም ከጠራ በኋላ ሐሰት ቢናገር በሸንጎው መካከል የሚያፍረው እርሱ ነውና።

«የሙከራ ሲኒማ» የሚባለውም የሥነ ጥበብ ዓይነት ታሪክን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራ ከመተረክ ይልቅ ሥዕልን ከሥዕል፣ ድምፅን ከዝምታ፣ ብርሃንን ከጨለማ እያጋጠመ ምስጢር የሚፈልግ ነው። ብዙ ተመልካቾች ይህን ዓይነት ፊልም አይገባንም ይላሉ። በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ አካባቢ ላደገ ሰው ግን ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የቅኔ ተማሪ ቃሉን ሰምቶ ዝም አይልም፤ ሰሙ የቱ ነው፣ ወርቁስ የት ተደበቀ ብሎ ይመረምራል። መምህሩም የተነገረውን ብቻ ሳይሆን ያልተነገረውን እንዲያይ ያስተምሩታል። የሙከራ ፊልምም እንደዚሁ ተመልካቹን ከተቀባይነት አውጥቶ መርማሪ ያደርገዋል። እንግዲህ ለዚህ ጥበብ የሚሆን ተመልካች በአገራችን ጥንቱን ነበረ፤ የጠፋው መሣሪያው ነው።

መሣሪያው በኢትዮጵያውያን እጅ ሲገባ ምን እንደ ተከተለ እንመልከት። በ1938 ዓ.ም. በጎንደር የተወለዱት፣ የደራሲው የገሪማ ታፈረ ልጅ ፕሮፌሰር ኀይሌ ገሪማ በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ጥበብ ተማሩ። አብዮቱ በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በ16 ሚሊ ሜትር፣ በጥቁርና ነጭ አነሡ። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጀው ይህ ፊልም በባለርስት መሬት ላይ የሚኖር የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ካሜራው አይቸኵልም፤ በሬው እስኪጠመድ፣ ሴቲቱ ሸክሟን ይዛ ሜዳውን እስክታቋርጥ ድረስ ይጠብቃል። የአገሩ ሰው እንደ ዕብድ የሚቆጥረው ከበበ የተባለው ሰውም ሌሎች የማይደፍሩትን ይናገራል። ያ ቀደም ሲል በሌሎች ፊልም ውስጥ ዝም ብሎ ያልፍ የነበረው ገበሬ በዚህ ፊልም ሥራውም ሕልሙም ቃሉም ተሰማ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2000 ዓ.ም. በቬኒስ የፊልም በዓል የቀረበው «ጤዛ» ደግሞ ወደ «እኔ» ይበልጥ ቀረበ። አንበርብር የተባለው ሐኪም በውጭ አገር ተምሮ ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ የኖረበትን ዘመን በሙሉ ማስታወስ ይሳነዋል፤ ፊልሙም ዘመኑን በተራ ሳይሆን ትዝታው እንደ ተሰበረ ሰብሮ ያቀርበዋል። ይህ የሙከራ አነጋገር ለጌጥ የመጣ አይደለም። በዚያ ዘመን ያለፈ ሰው ትዝታ የተሰበረ ስለ ሆነ ሙሉ አድርጎ መተረክ ሐሰት ይሆን ነበር። ፊልሙ በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማትን፣ በ2001 ዓ.ም. በዋጋዱጉ ከተማ በተደረገው የአፍሪካ ፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራው የፕሮፌሰር ሳሌም መኩሪያ «የወንዝ ማዕበል» ግን ያለ ልብ ወለድ መጋረጃ በቀጥታ «እኔ» አለ። በአሜሪካ አገር በዌልስሊ ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት እኚህ የፊልም ሠሪ በዚህ ሥራ የሚናገሩት ስለ ኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄ፣ ስለ አብዮቱና ስለ ቀይ ሽብር ነው። ነገር ግን እንደ ታሪክ መምህር ከሩቅ ቆመው አይደለም፤ ስለ ጠፋው ወንድማቸውና ስለ ተገደለችው የቅርብ ጓደኛቸው እንደ እኅትና እንደ ባልንጀራ ይናገራሉ። የለቅሶ ቤት ወግ ያለው ፊልም ነው ብንል አልተሳሳትንም። አልቃሿ በዜማ የምታደርገውን እርሳቸው በሥዕልና በድምፅ አደረጉት። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በቬኒስ የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ ሦስት ሥዕሎች ጎን ለጎን የሚታዩበትን አንድ የቪዲዮ ሥራ አቀረቡ። አንዲት አገር ብዙ ገጽ ያለው ታሪክ ካላት አንድ ሸራ አይበቃትም ማለታቸው ይመስለናል። የማሳያው አደራረግ ራሱ የነገሩ ወርቅ ሆነ።

ከእነርሱም በኋላ የመጡ አሉ። ታማራ ዳዊት በ2012 ዓ.ም. ባወጣችው ፊልም በአብዮቱ ዘመን ስለ ጠፋች አክስቷ እየጠየቀች ቤተሰቧ ለብዙ ዓመታት የሸፈነውን ዝምታ ትገልጣለች። በሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽርም በ2013 ዓ.ም. ያወጣችው «ፋያ ዳዪ» የተባለው ጥቁርና ነጭ ፊልም ስለ ጫት፣ ስለ ወጣቶች ስደትና ስለ ትዝታ በቅኔ አነጋገር የሚናገር ነው፤ ለማዘጋጀትም ዐሥር ዓመት ያኽል ፈጅቷል። እነዚህ አራት ሠሪዎች በዕድሜም በአነጋገርም ቢለያዩ አንድ ነገር ያገናኛቸዋል፤ ሁሉም ከአገራቸው ውጭ የኖሩ ናቸው። «እኔ» የሚለው የኢትዮጵያውያን ሲኒማ በአብዛኛው ከስደትና ከኀዘን የተወለደ መሆኑን ይህ ያሳየናል። መሣሪያውን ያገኙት በዚያ ነው፤ ሊናገሩለት የፈለጉት ሰው ግን በዚህ ቀርቷል።

ይህ ነገር ወደ ጉንደ ወይን መንገድ ይመልሰናል። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ባወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬ ርስቴን ሊያስለካብኝና ሊያስወስድብኝ ነው ብሎ ሠጋ። ተቃውሞው በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት እጅግ በረታ። ጦር ተላከ፤ አይሮፕላኖችም በመንደሮች ላይ ቦምብ ጣሉ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ከሥልጣናቸው ተነሡ፤ ግብሩም በታሰበው መንገድ ሳይሰበሰብ ቀረ። ይህንን ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሊቅ ሁሉ የሚያገላብጠው በብዙ የመንግሥትን ደብዳቤ ነው፤ የአገረ ገዥውን ሪፖርት፣ የፖሊሱን ቃል፣ የሹማምንቱን አቤቱታ። እነዚህ ወረቀቶች ስለ ገበሬው ይናገራሉ እንጂ ገበሬው በእነርሱ ውስጥ አይናገርም። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ የሲኒማ ቤትም ቴሌቪዥንም ነበረ፤ ከተቃወሙት ገበሬዎች አንዱ ተነሥቶ «እኔ የተቃወምሁት ስለዚህ ነው» የሚልበት ሸራ ግን አልነበረም።

በዚያ ዓመት የሃያ ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል። የጣሊያንን ጦርነት በዐይናቸው ያዩት ከመካከላችን አልፈው አልቀዋል ለማለት የሚያስደፍር ጊዜ ላይ ደርሰናል፤ በእነርሱ ዘንድ የነበረውን መዝገብ በአብዛኛው ሳንከፍተው ተዘግቷል። የ1960 ዓ.ም. መዝገብ ገና አልተዘጋም፤ ነገር ግን ለመዘጋት የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው። የሁለቱ መዝገቦች ልዩነት በልብ ይያዝ ብለን የጠየቅነው ስለዚህ ነበረ።

ቀድሞ ምክንያት የሚሆነን የመሣሪያው ክብደት ነበረ። 3 ኪሎ ሜትር ፊልም፣ የካርቦን መብራት፣ የግንብ ክፍል ማን ያመጣል እንል ነበር። ዛሬ ይህ ምክንያት የለንም። በኪስ የሚያዝ ስልክ የቦሌክስ ጥቅል ያልቅበት ከነበረው ሦስት ደቂቃ እጅግ የሚበልጥ ሥዕል ከነድምፁ ይይዛል፤ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ማሳያም በአንድ ነጭ ግድግዳ ላይ ሥዕሉን ያሰፋዋል። መሣሪያው ቀለለ፤ የቀረው የእኛ ትጋት ነው።

በዚህ ነገር ከሌላው ሁሉ ይልቅ የምንተማመነው በመምህራንና በተማሪዎች ነው። አንድ የታሪክ መምህር ተማሪዎቹን አንዳንድ ሽማግሌ ወይም አንዳንድ አሮጊት እንዲጠይቁ ቢያዝዝ ብዙ ሥራ ይሠራል። ሥራውም ጥቂት ሥርዐት ብቻ ይሻል። ከሁሉ በፊት ባለታሪኩ ፈቃዱን ይስጥ፤ የሚናገረውንና የማይናገረውን የሚመርጠው እርሱ ነውና። ሁለተኛ፣ ጠያቂው በተናጋሪው ቃል ላይ የራሱን ቃል አይደርብ፤ ተናጋሪው ዝም ሲል ዝምታውንም ይቅረጽ እንጂ አይቁረጥ። ከላይ እንዳየነው ከሲኒማ ግማሹ ጨለማ ነው፤ ከትዝታም ብዙው ዝምታ ነው። ሦስተኛ፣ የተቀረጸው ነገር በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ፤ አንዱ ቅጂ በትምህርት ቤቱ፣ ሌላው በወረዳው ወይም በቤተ መጻሕፍት ይኑር፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራልም። በመጨረሻም ተንቀሳቃሹ የሲኒማ መኪና ያላደረገውን እናድርግ፤ የተቀረጸው ከሁሉ አስቀድሞ ለተናጋሪው ለራሱና ለጎረቤቶቹ ይታይ።

የሚታየን ነገር ትልቅ አዳራሽ አይደለም። በጉንደ ወይን ወይም በአካባቢዋ ባለች አንዲት መንደር፣ ሲመሽ፣ በአንድ ግድግዳ ላይ ነጭ ጨርቅ ተዘርግቶ፣ አንድ ሽማግሌ በልጅ ልጆቻቸው መካከል ተቀምጠው የገዛ ፊታቸውን ሲያዩና የገዛ ድምፃቸውን ሲሰሙ ነው። በጨርቁ ላይ ያለው ሰው የአባቱን ስም ይጠራል፤ ከዚያም «እኔ» ብሎ ይጀምራል። ከተሰበሰበው ሰው አንዱ «እንዲህ አልነበረም» ብሎ ቢከራከር ደግሞ ደስ ይለናል፤ ክርክር ያለበት ታሪክ ገና በሕይወት ያለ ታሪክ ነውና። ያን ጊዜ ሲኒማ ከመቶ ዓመት በላይ ዞሮ፣ ቃሉ ቀድሞ ወደ ነበረበት ቤት ገባ እንላለን።